የሚዋዥቅ የዘይት ግፊት፦ የአንድ አሮጌ ሞተር የምርመራ ማስታወሻ

ምልክቱ

መኪናዋ አሮጌ ናት። ሞተሯ አራት ሲሊንደር፣ ካርቡሬተር ያለው የቤንዚን ሞተር ነው። ኮምፒውተር የለባትም፤ ስለዚህ ብልሽቱን የሚነግረኝ ኮድ የለም። ያለኝ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዘይት ጌጅ ነው። እሱም ሰሞኑን አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል።

ጠዋት ስትነሳ ግፊቱ ጥሩ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ጠቋሚው አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይወጣል፣ አንዳንዴም ባለበት ይንቀጠቀጣል። የማከብራቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ አይተው፣ "ልጄ፣ ይሄ ብሮንዚና ነው፤ ጊዜህን አታጥፋ፣ ሞተሩን አውርደው" አሉኝ። ሊሆን ይችላል። ብሮንዚና የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ የሚዞርበት ስስ መቀመጫ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ሞተር ላይ ቢበላ አይገርምም። ግን ሞተር ማውረድ ትልቅ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ግፊቱ መቼ እንደሚወርድ፣ እንዴት እንደሚወርድና ምን ሲደረግ እንደሚመለስ ማወቅ አለብኝ። የአወራረዱ ዓይነት ነው ቦታውን የሚናገረው።

ስለዚህ መፍቻው ይቆይ። ደብተር ይዤ ነዳሁ፤ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ጻፈ። ስንመለስ ገጹ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ።

አንደኛ፦ ጠቋሚው ቶሎ ቶሎ ይንቀጠቀጣል። ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ይብስበታል። የፊት መብራት ሲበራ ትንሽ ቦታ ይቀይራል።

ሁለተኛ፦ በአንድ ፍጥነት ረዘም ላለ ጊዜ ስትነዳ ግፊቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቆሜ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ትንሽ ቆይቼ ሳስነሳት ግፊቱ እንደ ድሮው ነው።

ሦስተኛ፦ ከፍጥነት ወርዳ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ ስትቆም ግፊቱ አንዳንዴ ከሚገባው በታች ይቀራል። ነዳጁን አንዴ መታ ሳደርገው ዘሎ ይመለሳል። ይህ ሁልጊዜ አይደለም። በአብዛኛው ሚኒሞው ደህና ነው።

እነዚህ ሦስቱ የአንድ ነገር ምልክት አይመስሉኝም። የፊት መብራት ከዘይት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። አጥፍቶ በማስነሳት የሚድን ብሮንዚና ደግሞ የለም።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። ቀይዋ የዘይት መብራት በብዙ መኪና የምትበራው ግፊቱ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር አካባቢ ሲደርስ ነው። ያ ማለት የቀረ ነገር የለም ማለት ነው። እየነዳችሁ ከበራች ዳር ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ። "እስከ ቤት ልድረስ" የሚባል ነገር የለም። የእኔ መብራት እስካሁን አልበራችም። በርታ ቢሆን ኖሮ ሞተሩን እያስነሳሁ አልመረምርም ነበር።

ዘይቱ ራሱ

ቀላሉን ማስቀደም ነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቆምኩ። ዘይቱ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ገንዳ) እስኪወርድ ጠብቄ መለኪያ ዘንጉን መዘዝኩ። ልኩ ከላይኛው ምልክት ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ደህና።

ዘይት ሲጎድል ኩርባ ላይና ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ያኔ የዘይት ፖምፓው አየር ይስባል፣ ጠቋሚውም ዱብ ይላል። ሲበዛም ጥሩ አይደለም። ክራንክ ሻፍቱ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም።

አሸተትኩት። ቤንዚን ቤንዚን አይልም። ይህን መዝለል አይገባም። በብዙ አሮጌ ሞተር የቤንዚን ፖምፓው ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ ታስሮ በካምሻፍት ነው የሚሠራው። ውስጡ ያለው ላስቲክ ሲቀደድ ቤንዚኑ በቀጥታ ኮፓ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ይቀጥናል፣ ማንም ሳይጨምርበትም ልኩ ከፍ ይላል። ዘይት አልጎድል ያለች መኪና፣ ይልቁንም ዘይቷ የጨመረ፣ ቶሎ መሽተት አለባት። ውኃም አልገባበትም፤ የነጣ ወይም የደፈረሰ ነገር ዘንጉ ላይ የለም።

ዘይቱ ማኑዋሉ የሚለው 15ደብልዩ-40 ነው። አልነካውም።

ጌጁን ማመን ይቻላል ወይ?

አብዛኛው ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ለዚህ ነው።

ዳሽቦርድ ላይ ያለው ጌጅ ዘይት አይደርሰውም። የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ነው። ብሎኩ ላይ የተገጠመው ሴንሰር ውስጡ ስስ የብረት ሽፋን አለው። ዘይቱ ሲገፋው ሽፋኑ አንዲት ትንሽ ክንድ ያንቀሳቅሳል፤ ክንዷ መቋቋሚያ ሽቦ ላይ ትንሸራተታለች። በአንዳንዱ ሴንሰር ግፊት ሲጠፋ 10 ኦም፣ ጣሪያው ላይ ሲደርስ 180 ኦም አካባቢ ይነበባል። ክንዷ ሁልጊዜ የምትመላለስበት ቦታ ሲበላ ንባቡ መዝለል ይጀምራል። ዘይቱ ረግቶ ጠቋሚው ይጨፍራል።

ሌላው ነገር ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው። ብዙ አሮጌ ሴንሰር አንድ ሽቦ ብቻ ነው ያለው። መመለሻው በራሱ ጥርስ (በሚታሰርበት ጥምዝ) በኩል ወደ ብሎኩ ነው። እዚያ ላይ የሚገባ ማንኛውም ነገር ንባቡን ያዛባል።

ሴንሰሩን ስፈታው ጥርሱ ዙሪያውን በነጭ የቴፍሎን ቴፕ ተጠቅልሏል። ውፍረቱ እስከ አንገቱ ድረስ ነው። ከዚህ በፊት የገጠመው ሰው ዘይት እንዳያፈስ ብሎ ነው፤ ሐሳቡ ይገባኛል። ግን ቴፍሎን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሴንሰሩ ብሎኩን የሚነካው ቴፑ በተቀደደባት በአንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ ነበር። መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ ይነካል፣ ይለቃል።

ቴፑን ልጬ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ። መልቲሜትር አምጥቼም የሞተሩን ማሳ ለካሁ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ብሎኩ ላይ አድርጌ ወንድሜ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) እንዲያዞር ነገርኩት። እንዲህ ሲለካ ከ0.2 ቮልት ባይበልጥ ጥሩ ነው። የእኔ ወደ ግማሽ ቮልት ቀረበ። ከብሎኩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የማሳ ገመድ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ፈትቼ እስኪያበራ ፈገፈግሁት፣ መልሼ አጠበቅሁት። ንባቡ ከ0.1 በታች ወረደ።

መንቀጥቀጡ ጠፋ። የፊት መብራት ሲበራም ጠቋሚው ከቦታው አይነቃነቅም። የመጀመሪያው ምልክት እዚህ አለቀ። ከዘይቱ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ ከዘይቱ ጋር አብረው የሚዋዥቁባችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቦታ ተመልከቱ። በብዙ አሮጌ መኪና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ቮልቴጁን ወደ 10 ቮልት የምታስተካክል ትንሽ ቁራጭ አለች። እሷ ስትበላሽ ሦስቱም አብረው ይዋሻሉ። የእኔ ሁለቱ ጌጆች ግን ረግተው ነው ያሉት።

ሜካኒካል ጌጅ ገጠምኩ

ሁለተኛውና ሦስተኛው ምልክት አሁንም አሉ። ከዚህ በኋላ የምወስነው ነገር ሁሉ በግፊቱ ቁጥር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ቁጥሩ በሽቦ ሳይሆን በዘይቱ በራሱ እንዲመጣ ፈለግሁ። በሴንሰሩ ቦታ ቱቦ ያለው ሜካኒካል ጌጅ ገጠምኩ።

እዚህ ላይ ጥርሱን ተጠንቀቁ። የአንድ ስምንተኛ ኢንች ጥርስ ሁለት ዓይነት ነው። አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት በኢንች 27 ጥርስ አለው፤ የእንግሊዙ 28። በእጅ ስታስገቡት አንዱ በሌላው ላይ ጥቂት ዙር ይሄዳል። ከዚያ ይጠብቃል። በመፍቻ ከገፋችሁት የብሎኩን ጥርስ ታበላሻላችሁ። በጃፓን መኪና የእንግሊዙ ዓይነት የተለመደ ነው። በሌሎች ላይ ሚሊሜትሩንም ታገኛላችሁ። ጥርስ መለኪያ ይዞ አረጋግጦ መግጠም ነው።

ቱቦው የጭስ ማስወጫውን እንዳይነካ አርቄ አሰርኩት። የሚቀልጥ የፕላስቲክ ቱቦ በዚህ ግፊት ሙቅ ዘይት ቢረጭ እሳት ነው የሚያመጣው። እኔ የተጠቀምኩት በብረት ጥልፍ የተሸፈነውን ነው።

ሙቅ ንባብ

የዘይት ግፊት የሚለካው ዘይቱ ሲሞቅ ነው። የሙቀት ጌጁ መሀል ሲደርስ የሞቀው ውኃው ነው። ዘይቱ ከኋላ ቀስ ብሎ ነው የሚከተለው። ሚኒሞ ላይ አቁሞ ማሞቅም ብዙ አይረዳም። ግማሽ ሰዓት ያህል መንዳት ያስፈልጋል። እንዲያ አድርጌ የሚከተለውን ጻፍኩ።

ቀዝቃዛ፣ እንደተነሳች፦ 4.3 ባር። ሙቅ፣ ሚኒሞ በደቂቃ 800 ዙር፦ ብዙ ጊዜ 1.3፣ አንዳንዴ 0.7። ሙቅ፣ 2,000 ዙር፦ 2.9። ሙቅ፣ 3,000 ዙር እንደደረሰች፦ 3.6። እዚያው 3,000 ላይ ስትቆይ፦ ቀስ እያለ ወደ 2.4፤ እዚያ ሲደርስ ጠቋሚው በትንሹ መርገብገብ ይጀምራል።

በፒኤስአይ ለለመደ ሰው 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። መካኒኮች በልምድ የሚይዙት ስሌት አለ፤ በየ1,000 ዙር 10 ፒኤስአይ፣ ማለትም 0.7 ባር ያህል። በዚያ ስሌት 3,000 ላይ 2.4 ባር "ያልፋል"። የዚህ ሞተር ማኑዋል ግን እዚያ ዙር ላይ ከ3.5 እስከ 4.5 ይላል። ከጥቅሉ ስሌት ይልቅ የማኑዋሉን ማመን ነው። ደግሞ 2.4 መሆኑ ብቻ አይደለም ያሳሰበኝ፤ ከ3.6 ተነስቶ እዚያ መድረሱ ነው። ዙሩ አልተቀየረም፣ ሙቀቱ አልተቀየረም፣ ግፊቱ ግን ወረደ።

ብሮንዚና ነው ወይስ አይደለም?

ፖምፓው ግፊት አይፈጥርም። ፖምፓው ዘይት ይገፋል። ግፊት የሚመጣው ያ ዘይት በጠባብ ቦታ ለማለፍ ሲታገል ነው። ጠባቡ ቦታ ደግሞ በክራንክ ሻፍቱና በብሮንዚናው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ጎኑ እዚህም እዚያም የተበሳ የውኃ ቱቦ ጫፉ ላይ እንደሚደክመው፣ ክፍተቱ ሲሰፋ ግፊቱ ይወድቃል። አወዳደቁም ቀላል አይደለም። በዚያ ክፍተት የሚያልፈው ዘይት የሚጨምረው በክፍተቱ ሦስተኛ ርቢ ነው። ከ0.05 ወደ 0.10 ሚሊሜትር ቢሰፋ፣ በዚያው ግፊት የሚፈሰው ዘይት ስምንት እጥፍ ይሆናል።

ይሁን እንጂ የተበላ ብሮንዚና ጠባዩ የታወቀ ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ነው። ዙሩ ሲጨምር ግፊቱ አብሮ ይወጣል፤ ሲቀንስ አብሮ ይወርዳል። አንዴ 1.3፣ አንዴ 0.7 አይልም። ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ማጥፋትም አያድነውም። የእኔ ቁጥሮች ብሮንዚና አይመስሉም። ይህን ለአንጋፋው መካኒክ አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ "እንግዲያስ ከፖምፓው በፊት ያለውን እይ" አሉኝ። ትልቅ ምክር ነው።

አንድ ወዳጄ ደግሞ 20ደብልዩ-50 ዘይት አድርግበት አለኝ። በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጨረሻ ቁጥሩ 40 የሆነ ዘይት ውፍረቱ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ነው፤ 50 የሆነው ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ግን ችግሩ መምጠጡ ላይ ከሆነ ወፍራም ዘይት፣ በተለይ ጠዋት፣ ይበልጥ ያስቸግረዋል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ወፍራም ዘይት መጨመር ጌጁን ማከም ነው። አልተቀበልኩም።

የግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ

ሦስተኛውን ምልክት አስቀደምኩ፤ ኮፓ ሳይወርድ የሚደረስበት እሱ ስለሆነ። ነዳጅ መታ ሲደረግ ዘሎ የሚመለስ ግፊት፣ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር የሆነ ቦታ ተይዞ እንደሚለቀቅ ነው የሚናገረው።

ፖምፓው ከሚፈለገው በላይ ዘይት ነው የሚገፋው። ትርፉን ወደ ኮፓው የሚመልሰው በሞላ የተያዘ ትንሽ ቫልቭ ነው። ግፊቱ ከተወሰነው ሲያልፍ ይከፈታል፤ ሲቀንስ ይዘጋል። ክፍት እንደሆነ ከቀረ ሚኒሞ ላይ ዘይቱ ወደ ብሮንዚናው መሄዱን ትቶ ወደ ኮፓው ይፈሳል። ዝግ ሆኖ ከቀረ ደግሞ በቀዝቃዛ ጠዋት ግፊቱ ጣሪያ ይነካል፤ የዘይት ፊልትሮውን (ማጣሪያውን) እስከ ማበጥ ይደርሳል።

በእኔ ሞተር ቫልቩ ብሎኩ ጎን ላይ ካለ ትልቅ ቡሽ ብሎን ጀርባ ነው። በሌላ ሞተር ፖምፓው ውስጥ ይሆናል። ብሎኑን ፈታሁት፤ መጀመሪያ ሞላው ወጣ። ቫልቩ ግን አልወጣም። በራሱ ክብደት መውረድ ነበረበት። በማግኔት ስስበው ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ። ትንሽ አዞርኩት፣ ወጣ።

የጣት ጫፍ የምታህል፣ ውስጧ ባዶ የሆነች ብረት ናት። ከጎኗ አንድ ጭረት ከላይ እስከ ታች ወርዷል። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ይይዛል። ጭረቱ ጠርዝ ላይ ብረቱ በትንሹ ተነስቷል። ቀዳዳው ውስጥ ስትሄድ የምትያዘው በዚያ ነው። ከፖምፓው አምልጦ የመጣ ጠንካራ ነገር ነው የፈጨራት።

1,500 ቁጥር የውኃ ብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሼ፣ የተነሳውን ጠርዝ ብቻ ክብ እያዞርኩ አለሰለስኩ። ብረቷን ማሳነስ አልፈልግም። ቀዳዳውን በጨርቅና በማጽጃ ፈሳሽ አጸዳሁ። መልሼ ስከታት ጣቴን ስለቅ በራሷ ተንሸራታ ወረደች። እንደዚህ ነው መሆን ያለባት። የሞላውን ቁመት ለካሁ፤ ማኑዋሉ ካለው አልጎደለም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ከሞላው ጀርባ ሮንዴላ ይጨምራል፣ ወይም ሞላውን ይስበዋል። ግፊቱ እንዲጨምር ብሎ ነው። ሚኒሞ ላይ አይጠቅምም። ሙቅ ሞተር ሚኒሞ ላይ ሲሆን ጤነኛ ቫልቭ ዝግ ነው፤ የተዘጋ በር ላይ ተጨማሪ መቀርቀሪያ ማድረግ ግፊት አያመጣም። የሚጨምረው የላይኛውን ጣሪያ ብቻ ነው፤ ለፖምፓውና ለፊልትሮው ደግሞ ሸክም ነው።

ነድቼ ለካሁ። ሚኒሞ 1.3 ላይ ረጋ። ከፍጥነት እየወረድኩ ደጋግሜ አቆምኳት፤ አንድም ጊዜ ወደ 0.7 አልወረደም። 3,000 ላይ ግን አሁንም ከ3.6 ወደ 2.4 ይወርዳል።

ኮፓውን ከማውረዴ በፊት

በአንድ ዙር ስትቆይ የሚወርድ፣ ሲጠፋ የሚመለስ ግፊት። ሦስት ነገር ታየኝ። ወይ ዘይቱ ከላይ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ እየቀረ ኮፓው ይጎድላል፤ ወይ የመምጠጫ ቱቦው መገጣጠሚያ አየር ይስባል፤ ወይ መምጠጫው ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት ተዘግቷል።

የመጀመሪያውን ለማየት የቫልቭ ሽፋኑን ከፈትኩ። ዘይት ወደ ታች የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው። አንድ ኩባያ ያህል ንጹሕ ዘይት አፈሰስኩ፤ ሳይቆም ወረደ። እሱ አይደለም።

ለሁለተኛው የቆየ ዘዴ አለ። ለሙከራ ብቻ ዘይቱን ከልኩ በላይ ከፍ ማድረግ ነው። መገጣጠሚያው ዘይት ውስጥ ከሰጠመ አየር መሳብ አይችልም፤ ግፊቱም ይስተካከላል። ኩባያዋን ጨምሮ ግማሽ ሊትር አከልኩ፣ መኪናዋን ቆማ 3,000 ላይ ያዝኳት። ግፊቱ እንደ ልማዱ ወረደ። ስለዚህ መገጣጠሚያው የመሆኑ ዕድል ጠበበ። የጨመርኩትን ወዲያው ቀነስኩ፤ በዚያ ልክ መንዳት አረፋ ያመጣል።

የቀረው ወንፊቱ ነው።

ኮፓው ወረደ

ዘይቱ ሙቅ እንዳለ አፈሰስኩት። ፊልትሮውን ቆርጬ ወረቀቱን ዘረጋሁ። የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ነገር አለ፣ ግን ጥቂት ነው፤ የብሮንዚና ቅርፊት የለም። ማግኔት ብቻ ይዞ መፈለግ እንዳያሳስታችሁ። የብሮንዚና ፊት ከብረት የተሠራ ስላልሆነ ማግኔት አይይዘውም። በዓይን ነው የሚታየው።

ኮፓው በቀላሉ አልለቀቀም። ዙሪያውን በሲሊኮን ማስቲሽ ተጣብቋል። ጠርዙ ላይ የወጣው ትርፍ ማስቲሽ የጣት ውፍረት አለው። ያን ሳይ ውስጡ ምን እንደማገኝ ገመትኩ። ማስቲሽ ወደ ውጭ በተተረፈበት ልክ ወደ ውስጥም ይተርፋል። የውስጡን ግን ማንም አይጠርገውም።

ወንፊቱ ፊቱ ዘይት መሰለኝ፤ በጨርቅ ስጠርገው ዘይት አይደለም። ግራጫ የማስቲሽ ቁርጥራጮች እርስ በርሳቸው ተደራርበው ሽቦው ላይ ተኝተዋል። አንዳንዱ ረጅምና ቀጭን ነው፤ አንዳንዱ ጠፍጣፋ። በመካከላቸው ጥቁር፣ ጠንካራ የተቃጠለ ዘይት ቅርፊት ገብቷል። በመቆንጠጫ አንድ በአንድ አነሳኋቸው። ክፍት የነበረው የወንፊቱ ሲሶ ቢሆን ነው። ኮፓው ወለል ላይ ደግሞ ገና ያልተጣበቁ ቁርጥራጮች ነበሩ።

ሁለተኛው ምልክት አሁን ሙሉ በሙሉ ገባኝ። ሚኒሞ ላይ ፖምፓው የሚስበው ትንሽ ነው፤ ሲሶው ወንፊት ይበቃዋል። በ3,000 ዙር ግን መሳቡ ይበረታል። ወለሉ ላይ የሚንሳፈፈውን ሁሉ ወደ ወንፊቱ ይጎትታል፣ አጥብቆም ይይዘዋል። መንገዱ ቀስ በቀስ ይዘጋል፣ ግፊቱም ቀስ በቀስ ይወርዳል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፤ ያልተጣበቁት ይረግፋሉ። ሲነሳ እንደገና ደህና ነው።

አንዳንዱ ወንፊት ሲዘጋ የሚከፈት ማለፊያ አለው። በዚያ በኩል የሚያልፈው ዘይት ሳይጣራ ነው ወደ ፖምፓው የሚሄደው። የእኔም ማለፊያ አለው፤ ጠርዙ ላይ ቅርፊት ተጣብቆ አግኝቻለሁ። ቫልቩን የጫረው ነገር በዚያ በኩል ሳያልፍ አልቀረም።

ከተከፈተ አይቀር

ወንፊቱን አጽድቶ መዝጋት ይቻል ነበር። ግን ኮፓ ወርዶ ብሮንዚናውን ሳላይ ብዘጋ ያስቆጨኛል። ሁለት የቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ኮፍያ ፈታሁ። ኮፍያዎቹ እንዳይቀያየሩ፣ እንዳይዞሩም ምልክት አደረግሁባቸው።

ክፍተቱን የለካሁት በፕላስቲጌጅ ነው። ቀጭን የፕላስቲክ ክር ናት። ዘይቱ ከክራንክ ሻፍቱ ላይ በደንብ ይጠረጋል፤ ክሯ በቁመቱ ትቀመጣለች፤ ኮፍያው በቶርክ መፍቻ በተባለው ልክ ይታሰራል። በዚህ መሀል ክራንክ ሻፍቱ ፈጽሞ መዞር የለበትም። ሲፈታ ክሯ ተጨፍልቃ ትገኛለች። ወርዷ ከማሸጊያው ላይ ካለው መለኪያ ጋር ይነጻጸራል። በሰፋች ቁጥር ክፍተቱ ጠባብ ነው።

በሁለቱም 0.05 ሚሊሜትር ነበበ። የዚህ ሞተር ጣሪያ 0.08 ነው። የብሮንዚናው ፊት ግራጫና ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ቀጫጭን መስመር አለበት፣ ከሥሩ ያለው መዳብ ግን አልወጣም። ይህ ሞተር ገና ይሠራል። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ።

የፖምፓውን ክፍተትም በስስ መለኪያ ምላጭ አየሁ። ከልኩ አላለፈም።

መልሶ መግጠም

ኮፓውን በነጭ ጋዝ አጥቤ አደረቅሁ። ወንፊቱን ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ነፋሁ፤ ከውጭ መንፋት ቆሻሻውን ወደ ቱቦው ነው የሚያስገባው። የመምጠጫ ቱቦውን ጓርኒሲዮን (መገጣጠሚያው እንዳያፈስ የሚገባውን ንጣፍ) ባያፈስም ቀየርኩት። የቡሽ ጓርኒሲዮን ገጥሜ ማስቲሽ ያደረግሁት አራቱ ማዕዘን ላይ፣ መጋጠሚያ ባለበት ብቻ ነው። እሱንም በስሱ። ብሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር እየተሻገርኩ በእኩል አጠበቅሁ። የኮፓ ብሎን ብዙ ኃይል አይፈልግም። ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ቆርቆሮው ይጎብጥና ያፈስሳል። ማስቲሽ የሚበዛውም ያን ለመሸፈን ነው።

አንጋፋው መካኒክ ሊያዩ መጥተው ነበር። ቁርጥራጮቹን በመዳፋቸው ይዘው አገላበጧቸው። "ይሄ ነው የስንቱን ሞተር ያስወረደው" አሉ። ከዚያ፣ "ፖምፓውን ደረቅ አድርገህ እንዳታስነሳው" አሉኝ። "እሺ ጋሼ፣ ዘይት ሞልቼበታለሁ" አልኳቸው። ደረቅ ፖምፓ መጀመሪያ ላይ አየር እየቆረጠ ዘይት መሳብ ሊያቅተው ይችላል።

ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን) አወጣሁ፤ የኮይሉን ሽቦ ነቀልኩ። እንዲህ ሲሆን ሞተሪኖው ያለ ጭነት ያዞረዋል፣ ብሮንዚናውም አይጨነቅም። ጌጁ ላይ ግፊት እስኪታይ በአጭር በአጭሩ አዞርኩ። ከ1 ባር በላይ ሲያሳይ ካንዴላዎቹን መልሼ አስነሳኋት።

ከጥገናው በኋላ

በዚያው ሜካኒካል ጌጅ፣ በዚያው መንገድ፣ ዘይቱ በደንብ ሞቆ፦ ሚኒሞ 1.4። 2,000 ላይ 3.1። 3,000 ላይ 3.8። ረጅሙን ቀጥ ያለ መንገድ በ3,000 ዙር ይዤ ሄድኩ። 3.8 እንዳለ ቆየ። ዓይኔን ከጌጁ ላይ ለማንሳት ጊዜ ወሰደብኝ። ስቆም ወዲያው 1.4።

ቀሪ ሥራ አለ። ብሎኩ ውስጥ የላላ ቅርፊት ሊኖር ስለሚችል ይህን ዘይትና ፊልትሮ ከተለመደው ጊዜ ቀድሜ እቀይራለሁ። የሚወጣውንም ፊልትሮ ቆርጬ አያለሁ።

ለዳሽቦርዱ ጌጅ አዲስ ሴንሰር ገዝቻለሁ። በመጀመሪያ በቲ ቅርጽ ባለ መገጣጠሚያ ከሜካኒካሉ ጋር ጎን ለጎን ገጠምኳቸው። ሙቅ ሚኒሞ ላይ የዳሽቦርዱ 1.2 ይላል፤ 3,000 ላይ ደግሞ 3.6። ከእውነተኛው 0.2 ባር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ልዩነቱ በየዙሩ ተመሳሳይ ስለሆነ ይሠራልኛል። ቁጥሩን ከነቀኑ ደብተሩ ላይ ጻፍኩ፣ ሜካኒካሉን አወለቅሁ፣ ሴንሰሩን ያለ ቴፍሎን በመዳብ ቀለበት አሰርኩት።